ቤዛዊት በቃሏ ያነበበችው ገጽ

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ቤዛዊት ስድሳ ሰባ ከሚሆን ወላጅ ፊት ቆማ ከአማርኛ መጽሐፏ ሁለት ገጽ አነበበች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሽቶ ያርከፈከፈች ሴትዮ እንባዋን በሶፍት ጠረገች። እኔ አላጨበጨብኩም። ልጅቷ አላነበበችማ! በቃሏ ነው ያንበለበለችው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያወቅነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሷና እኔ።

እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ነው የያዝኳት። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ እሷ ግን አላቆመችም። ሳትገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ አራት ቃል ተናገረች፤ ከዚያ እጇ ትዝ አለውና ገለጠ። ደግሞ የምታስጠናት እናቷ ሰናይት፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ ስታነብ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ትንፋሽ የመሳብ ልማድ አላት። ቤዛዊትም ቁርጥ እዚያው ቦታ ላይ ሳበች። ሌላ ሰው ይህን አያስተውልም። እኔ ያስተዋልኩት የዛሬ ስንት ዓመት ራሴ የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ነው።

እሷም እኔም ቆዳችን ነጭ ነው፣ ጸጉራችን ነጭ ነው፣ ሽፋሽፍታችን ሳይቀር ነጭ ነው። አሁን አልቢኒዝም ይሉታል። በእኔ ጊዜ ስም አልነበረውም፤ ስድብ ብቻ ነበረው። እናቷን ዘሎ ከእኔ ወደ እሷ መጣ። ቆዳው ፀሐይ አይችልም፤ ያ ይሁን፣ ባርኔጣ አለ፣ የፀሐይ ቅባት አለ። ዋናው ዓይን ነው። ዓይናችን ራቅ ያለውን አያይም፤ ብርሃን ሲበዛበት ደግሞ ቅርቡንም ይተወዋል። አንድ ቦታ ላይም አይረጋም፣ ይርገበገባል። ለዚህ ነው አንድ ሰው መጽሐፍ ይዘን ሲያየን የምናነብ ይሁን አይሁን ከዓይናችን ሊያውቅ የማይችለው።

ዝግጅቱ ሲያልቅ አስተማሪዋ ሚስ ሄለን እየሳቀች ወደ እኛ መጣች። ለግላጋ ልጅ ናት፣ ደግ ናት፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

«ጋሼ፣ ደስ አላለዎትም እንዴ? ቤዚ እኮ ከክፍሉ ሁሉ በለጠች!»

«አየሁ» አልኳት።

«እንግዲህ ከድጋፍ ክፍል ልናወጣት ነው። ሰኞ ዝርዝሩን ለዳይሬክተሩ እሰጣለሁ። ቦታው ለሌላ ልጅ ይሆናል፤ እሷ ከዚህ በኋላ አያስፈልጋትም።»

የድጋፍ ክፍል የሚሉት በቀን አንድ ሰዓት ነው። ጽሑፉን አጉልተው ያትሙላቸዋል፣ አስተማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያስነብባቸዋል። ስምንት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ቤዛዊት ከዚያ ወንበር ከተነሳች የሚመጣው ዓመት መጽሐፍ ወፍራም ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እናቷም ሁሉንም አንብባ አትጨርስላትም። በቃል የሚያዝ ነገር ልክ አለው። ሲያልቅበት አንድ ቀን ሰው ፊት ይጋለጣል። የተጋለጠ ልጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ አውቃለሁ።

ሰፈሩ እንደሚያውቀው አፌ ዘበኛ የለውም። ለቀበሌ ሊቀመንበርም፣ ለሐኪምም፣ ለቄስም ያሰብኩትን ተናግሬ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ግን የልጅቷ እጅ እጄ ውስጥ ነበር፤ ላብ አርሶታል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ትምህርት ቤቷ ገርጂ ነው። ከዚያ እስከ ኢምፔሪያል በእግራችን ወጣን፤ ከኢምፔሪያል መገናኛ፣ ከመገናኛ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ሁለት ታክሲ ነው። ሰልፉ እንደ ጅራፍ ተጠማዟል። ጃንጥላዬን ዘርግቼ እሷን ከሥሩ አስገባኋትና ቆምን። ከፊታችን መኪናው ይንጫጫል፣ ከኋላችን አንዱ ሱቅ ስፒከር አውጥቶ ቅናሽ ቅናሽ ይላል፤ እኔ ግን ጃንጥላው ሥር ባለችው ክብ ጥላ ውስጥ ቆሜ ወደ ኋላ ሄድኩ። እንዲህ ነኝ ሰሞኑን። እዚህ ቆሜ እዚያ ነኝ።

ይህ አሁን መኪና የሚተራመስበት ቦታ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነበር። ቤታችን ሾላ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ማሳ ለማሳ አቋርጠን ቦሌ አውሮፕላን ልናይ እንሄዳለን። ካኪ ቁምጣ፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፣ የደላው ደግሞ ሸራ ጫማ። በእጃችን አምስት ሳንቲም ካለች ፓስቲ እንገዛለን፤ ዘይቱ በጋዜጣው ላይ ወጥቶ ጋዜጣው እንደ መስተዋት ያሳይ ነበር ይላሉ፤ እኔ ጣቴን ነው የምልሰው። አጥሩ ጋ ስንደርስ ልጆቹ «ያው! ያው መጣ! ብር መሰለ! ክንፉን እዩት!» እያሉ ይዘላሉ። እኔ የማየው ሰማይ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኔን እንደ በርበሬ ይለበልበዋል። ድምፁ ግን ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። «አየኸው?» ይሉኛል። «አየሁት» እላለሁ። ዛሬ ያን አውሮፕላን ሳስታውስ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ብር መስሎ፣ ክንፉ እያብለጨለጨ። አላየሁትም እኮ! ትዝታዬ ግማሹ በሌላ ሰው ዓይን የታየ ነው። ቢሆንም የኔ ነው፤ አልመልስም።

ውሸት የለመድኩት እዚያ አጥር ሥር ነው ማለት ነው። ክፉ ውሸት አልነበረም። ከሌሎቹ ጋር አንድ ለመሆን ነበር። ሌላው ጊዜ ሁሉ አንድ አልነበርንማ። ሰፈር ሲቀየር የማያውቁኝ ልጆች ከኋላዬ ተከትለው «ፈረንጅ! ፈረንጅ! ሳንቲም ስጠን!» ይላሉ። ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ቁምጣው ከኋላ የተጣፈ ፈረንጅ! አንድ ጊዜ እናቴ እንጨት ይዛ ወጣችና «ኑ፣ ሳንቲሙ እኔ ጋ ነው!» ብላ አባረረቻቸው። እናቴ ፊቴን ቅቤ ትቀባኝ ነበር፣ ለፀሐይ መድኃኒት ነው ብላ። ቅቤው ሲቀልጥ እኔም አብሬው የምቀልጥ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት ደግሞ የአባቴን ባርኔጣ አድርጋልኝ ነበር፤ ባንዲራ ሲሰቀል ባርኔጣ ክልክል ነው ተባለና እጄ ላይ ያዝኩት። ጠዋት ጠዋት ባንዲራው እስኪሰቀል ጆሮዬ እንደ ቲማቲም ይቀላል።

መምህራችን መምህር ወልደሰንበት ይባላሉ። ጋቢርዲን ኮት፣ ከረባት፣ ሱሪያቸው የብስክሌቱ ሰንሰለት እንዳይዘው በመቆንጠጫ የታሰረ። ሲያልፉ የሳሙና ሽታ ይሸታሉ። ክፍሉ በሩ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ጠዋት ብርሃኑ ተንደርድሮ ይገባል። እኔ ከፊት ተቀምጬ ዓይኔን ስጨፍን አዩኝ። እጄን ይዘው አስነሱኝና ወደ ኋላ፣ መስኮቱ በሳንቃ ወደተመታበት ጥግ ወሰዱኝ። «እዚህ ተቀመጥ ልጄ፤ ብርሃኑ እንዳይጎዳህ» አሉኝ። ራሴን ዳሰሱኝ። ከቤተሰቤ ውጪ አንድ ትልቅ ሰው ራሴን ሲዳስሰኝ የመጀመሪያው ነው። እውነቱን ነው የምለው፣ ጥጉ ደስ ይላል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዓይኔ አረፈ። ግን ከዚያ ጥግ ሰሌዳው የሚባለው ነገር ጥቁር ነው፤ ጥቁር ላይ አንዳንዴ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። በቃ። ፊደል የሚባለው ያ የሚንቀሳቀሰው ነጭ ነገር ነበር።

እንዲህ ብለህ ለምን አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ? ሰውየው ለእኔ ብለው፣ አዝነውልኝ፣ በእጃቸው ይዘው ያስቀመጡኝን ቦታ «አይሆነኝም» ልበላቸው? ያሳደገኝ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላስተማረኝም። የሰው ደግነት አይመለስም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ዓይኔን ከፀሐይ በላይ ጎድቶታል።

ጆሮዬ ግን ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ትምህርት ዜማ ነው። መምህሩ ያነባሉ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። የማንበቢያ መጽሐፉን በሦስት ወር ከዳር እስከ ዳር ያዝኩት። ስለ አንዲት ዶሮና ስለ ጎረቤቷ ድመት የሚያወራ ትምህርት ነበረ፤ ዛሬም ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። ተራ ደርሶኝ አንብብ ስባል መጽሐፉን ደረቴ ላይ ዘርግቼ አንበለብለዋለሁ። መምህር ወልደሰንበት «ጎሽ!» ይላሉ። ያቺ ጎሽ! እርሳስ አምስት ሳንቲም፣ ደብተር ስሙኒ በሆነበት ጊዜ ያቺን ቃል በብር ግዛ ብትሉኝ እናቴን ሸማዋን አሸጣት ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። መምህር ወልደሰንበት ማንን ቢያስነሱ ጥሩ ነው? እኔን። የራሴ መጽሐፍ የለኝም፤ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ የራሱን አቀበለኝ። ጀመርኩ። ዶሮዋ ተነሳች፣ ድመቷ መጣች፣ እኔም እንደ ሬዲዮ ሰውዬ ድምፄን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረግኩ ወረድኩ። ተቆጣጣሪው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለ። ስጨርስ ፀጥ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ አሁን ያነበብከው ገጽ እኮ የለም» አለ። የልጁ መጽሐፍ መሃል ላይ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ኖሯል። እኔ የሌለውን ቅጠል በሁለቱም በኩል አንብቤዋለሁ!

የሳቁን ነገር አልነግራችሁም። የማይረሳኝ የመምህር ወልደሰንበት ድምፅ ነው። አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። «አታለልከኝ» ነው ያሉት። በማግሥቱ እናቴን አስጠርተው ይህ ልጅ አያይም፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውሰጂው አሏት። ወሰደችኝ። እዚያ ደግሞ አንድ ሰውዬ ጣቱን ፊቴ ላይ አወዛወዘና «ይህማ ያያል! ለማያዩት እንኳ ቦታ የለን» ብሎ መለሰን። አያችሁ፣ ለአንዱ ዕውር ነኝ፣ ለአንዱ ባለ ዓይን ነኝ። በመካከል ላለ ሰው ወንበር የለም። እናቴ ስንመለስ መንገድ ላይ አላለቀሰችም፤ ሾላ ስንደርስ የአንድ ብር ሙዝ ገዝታ ሙሉውን ለኔ ሰጠችኝ። ልጅ የሞተበት ሰው እንጂ እንዲህ አያደርግም ብዬ እንደፈራሁ ትዝ ይለኛል።

«አባባ፣ ደረሰን» አለችኝ ቤዛዊት፤ ጃንጥላው ሥር ሆና እጄን ጎተተች።

ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ ከነፈረንጇ ይግቡ!» አለ። ለተንኮል አይደለም፣ አፉ ነው። ገብተን ተቀመጥን። ከፊታችን ያለች ሴት ዞራ ቤዛዊትን በደንብ አየቻትና «ስታምር! አባቷ የውጭ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ፣ አላወቀችም። ባርኔጣዬን አነሳሁላት። «አዎ፣ ፈረንጁ እኔ ነኝ። በሾላ በኩል ነው የመጣሁት» አልኳት። ታክሲው ሁሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ቤዛዊት ብቻ አልሳቀችም።

ሾላ ስል ደግሞ ወፍጮ ቤቱ መጣብኝ። ከትምህርት ቤት በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው። ለምን ወፍጮ ቤት እንደወደድኩ ማንም አልገባውም፣ እኔም ለማንም አልነገርኩም። ፀሐይ አይገባም፣ ይህ አንድ ነው። ሌላው ግን ዱቄቱ ነው። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ነጭ ነው! ተሸካሚው ነጭ፣ ባለቤቱ ነጭ፣ እህል ያመጣችው እመቤት ቅንድቧ ነጭ። ጠዋት እንደ ሁሉም መጥተው ከቀትር በኋላ እኔን ይመስላሉ። ጣሪያው ቀዳዳ ላይ የምትገባው ብርሃን በዱቄቱ ውስጥ ስትንሳፈፍ ዓመታት ሙሉ አይቻታለሁ፤ በሕይወቴ ዓይኔን ያልጎዳችኝ ብርሃን እሷ ብቻ ናት። ሬዲዮው ላይ ዘፋኙ ሁሉ ስለ ዓይን ይዘፍናል፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር አይዘፍኑም ነበር፣ ዓይኗ፣ ዓይኗ፣ ዓይኗ። ሱሪያቸው ከታች የሰፋ፣ ጸጉራቸው እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ጎረምሶች እህል ተሸክመው መጥተው ዱቄቱ አፍሮአቸው ላይ ሲያርፍ ይሳደባሉ። እኔ እስቃለሁ።

ጆንያ የማን እንደሆነ የማውቀው በመጣፊያውና በቋጠሮው ነበር። ስም ተጽፎበታል፣ ግን ለኔ ጥቀርሻ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጆንያዋን ቀይራ መጣች፤ የእሷን የሽሮ እህል ለሌላ ሰው አስረክቤ አረፍኩት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ መጣ፤ ቅመም ነጋዴ ነው፣ እጁ ሁልጊዜ እርድ የነካው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስሙን አታነብም እንዴ?»

«አላይም» አልኩት፤ እንደ ሁልጊዜው።

«ከየት ሆነህ ነው የማታየው? ከሩቅ ካላየህ ከቅርብ እይ! ማን ከለከለህ? አፍንጫህን ፊደሉ ላይ ለጥፈው፤ ፊደል አይነክስ!»

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው ቀረብ በል ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ ሸምሱ የጆንያ መጻፊያ ብሩሹን በቀለም ነከረና ባዶ ጆንያ ላይ አንድ ስንዝር የምታክል «በ» ጻፈ። ጎንበስ አልኩ፤ አፍንጫዬ የጆንያውን ቃጫ ነካ። ሁለት እግር አላት! ቆማለች! ይህች ናት እንዴ ስትንቀሳቀስ የነበረችው? በየቀኑ አንድ ጆንያ፣ አንድ ፊደል። ስሳሳት «አቦ፣ በግ እንኳ ይህን ያውቃል!» ይለኛል፤ ሲገባኝ ቴምር ያቀብለኛል። አንድ ቀን ተሰልፎ ከቆመው ጆንያ አንዱ ላይ ጎንበስ ብዬ «ፋ… ጡ… ማ» አልኩ፣ ለራሴ። «አቤት!» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ። ደንግጬ ዞርኩ። አንብቤ ሰው መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ይኸው ደግሞ እጽፋለሁ፣ ያቺን አቤት የመሰለ ግን የለም። ቢሆንም ያለ ፊደል ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ማን ይመልስልኛል? ማንም። ይህን ለማሳመር ብዬ አልዋሽም።

መገናኛ ስንወርድ ቤት ሳንደርስ መናገር አለብኝ አልኩ። አንድ ጁስ ቤት ገብተን ከመስኮት ራቅ ያለ ወንበር ያዝን። አቮካዶ አዘዝኩላት። ማንኪያውን ታማስላለች እንጂ አትጠጣም።

«ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጪ ጀመርሽው» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «ሌላ ማን አየ?»

«ማንም።»

«ለሚስ እንዳትነግራት። አባባ ፕሊስ።»

«ፊት ነው የተቀመጥሽው፣ መስኮቱ አጠገብ። አይታይሽም?»

«ቦርዱ ያብለጨልጫል። ነጭ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ምንም የለውም። መጽሐፉም ያበራል። ስጠጋው ደግሞ ልጆቹ ልትበይው ነው ይሉኛል።»

«ታዲያ ለሚስ ለምን አልነገርሻትም?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «እዚያ ያስቀመጠችኝ ለኔ ብላ ነዋ! ብርሃን ይሁንልሽ ብላ ናሆምን አስነስታ ነው። ብነግራት ታዝናለች።»

እኔን ደጉ ሰው ጨለማ ውስጥ አስቀመጠኝ፣ እሷን ደጓ ሴት ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሰሌዳው ከጥቁር ወደ ነጭ ተቀየረ፤ ልጁ ግን ያው ዝም ብሎ በጆሮው ይማራል። ስለ ጠፋው ቅጠል ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ የሌለውን ገጽ ማንበቤ አሳቃት። ከዚያ «ከዚያስ?» አለች። «ከዚያ ወፍጮ ቤት ገባሁ» አልኳት። ሳቋን ዋጠች።

«ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እኔ አልናገርብሽም» አልኳት። «አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ካልነገርሽ ግን ያ ወንበር ለሌላ ልጅ ይሄዳል። ተበልተሻል ማለት ነው።»

«ከሳቁብኝስ?»

«ክፍሉ ሳይሞላ እንደርሳለን።»

ቤት ስንገባ ሰናይት ከሥራ ተመልሳ በስልኬ የቀረጽኩትን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አየችው፣ ለዘመድ ሁሉ ላከችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነገርኳት። «አባዬ፣ አንተ መቼም የሰው ደስታ አይዋጥልህም!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እሑድ ጠዋት ግን ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ ያልተነበበላትን ገጽ ስታስነብባት ሰማሁ፤ ማለቴ፣ ምንም ሳልሰማ ቀረሁ። ፀጥታ ብቻ ነበር። ሰናይት ወጥታ ፊቴን ሳታይ «ሰኞ ወስደህ ንገራቸው» አለችኝ።

ሰኞ ከሁሉም ቀድመን ደረስን። ሚስ ሄለን ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ዘርግታለች፤ ዝርዝሩ መሆኑ ነው። ቤዛዊት ባርኔጣዋን አወለቀች፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሚስ፣ ዓርብ ዕለት አላነበብኩም። ማሚ ስታነብ ሰምቼ ነው።»

«ቤዚ ደግሞ! አታካብጂ፣ ጎበዝ ነሽ እኮ» አለች ሚስ ሄለን እየሳቀች፣ ወደ እኔ እያየች።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ የቤዛዊት ወንበር ላይ ቁጭ በይ» አልኳት እኔ።

ግር አላት፤ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ነጩን ሰሌዳ አጥለቅልቆታል። አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ እጇን ዓይኗ ላይ ጋረደች። ዓርብ በራሷ እጅ የጻፈችው ጽሑፍ እዚያ አለ።

«ምንም አይታይም እኮ» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነበር… ጋሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ክፉ ብትሆኚ ትነግርሽ ነበር» አልኳት። «ደግ ስለሆንሽ ነው ያልነገረችሽ። ለደግ ሰው እውነት መናገር ይከብዳል።» ትንሽ ሻካራ ሆነብኝ፣ ግን አልመለስኩትም።

ሚስ ሄለን ዞራ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ዝርዝር አየች። ወላጅ ፊት ያጨበጨበችላትን ልጅ አሁን ለዳይሬክተሩ ምን ብላ እንደምታስረዳ እያሰበች መሆኑ ገብቶኛል፤ ለእሷም ቀላል አይደለም። ተነሳች። የቤዛዊትን ጠረጴዛ በራሷ እጅ እየጎተተች ወደ ግድግዳው በኩል፣ ሰሌዳው አጠገብ፣ ፀሐዩ ወደማይደርስበት ወሰደችው። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ ጥርሴን አሳከከኝ። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላየሁም፣ አልጠየቅኩም። ከመሳቢያዋ አንድ ገጽ አወጣች፣ ጎልቶ የታተመ፣ ማንም ለቤዛዊት አንብቦላት የማያውቅ።

«እስከ ፈለግሽው ድረስ አስጠጊው» አለቻት።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየች፤ ማንም የለም። ወረቀቱን አነሳችና ፊቷ ላይ አስጠጋችው፣ ነጩ ሽፋሽፍቷ ሊነካው። ጀመረች። አንድ ፊደል። ቆመች። ሌላ ፊደል። ሁለቱን አጋጠመቻቸው፣ አልሆነም፣ ፈታቻቸውና እንደገና ገጠመቻቸው። አራት ቃል ያላት አንዲት መስመር ላይ እያለች ውጭ ያሉት ልጆች ደወሉ ሳይደወል አንድ ጨዋታ ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። እንዲህ ያለ የተሰባበረ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛው ቃል ላይ ጣቷ ቆመ። ጣቷን ሳታነሳ፣ ፊቷን ከወረቀቱ ሳትለይ፣ «ሚስ» አለች፣ «ይቺን አላውቃትም። ማን ናት?»